ቦርሳሽን ሳትዘጊ

እህትዓለም፣ ተራራ መውጣትሽን አልጠላም። ዴንቨር ተቀምጦ ሮኪን በመስኮት ብቻ ማየት ያሳዝናል። ግን በበረዶው ወራት ከሆነ የምትሄጂው፣ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ለዕለቱ ምን እንዳለ አንብቢ። አደጋውን ከ1 እስከ 5 ይመድበዋል። 5 ሲሆን ሰው ሁሉ ቤቱ ይቀመጣል፤ እኔን የሚያስፈራኝ 3 ነው። «መካከለኛ ነው» ተብሎ የሚወጣው፣ ብዙ ሰውም የሚሞተው ያን ቀን ነው።

የኮሎራዶ በረዶ አይታመንም። መጀመሪያ የሚጥለው ስስ በረዶ ብርዱ ሲበረታበት ከሥር ሻካራ ፍሬ ይሆናል፤ ብትጨብጪው ከጣቶችሽ መሃል ይፈሳል እንጂ አይጣበቅም። በዚያ ላይ ነፋስ ከባዱን ይከምርበታል። ከዚህ በኋላ የአንድ ሰው እግር ይበቃል፤ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ራሳቸው ወይም ጓደኛቸው ባስነሳው ናዳ ነው የሚያልቁት።

ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ አትውጪ፤ ከግርጌውም አትለፊ። ከእግርሽ ሥር የታፈነ «ውምፍ» ከሰማሽ፣ ወይም በረዶው ሲሰነጠቅ ካየሽ፣ በመጣሽበት ዱካ ተመለሽ። ጓደኞችሽ ቢያኮርፉ ያኩርፉ። በኤፕሪል 2013 ላቭላንድ ፓስ አጠገብ ልምድም ዕቃም የነበራቸውን 6 ሰዎች ናዳ ያዛቸው፤ የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ተስፋው ይመነምናል። ሄሊኮፕተር በዚያች ደቂቃ አይደርስልሽም፤ የሚያወጣሽ አጠገብሽ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ቢከን (ምልክት የሚልከው መሣሪያ)፣ መፈለጊያ ዘንግና የብረት አካፋ ለእያንዳንዳችሁ ይኑር፤ አጠቃቀሙንም ሜዳ ላይ ተለማመዱ። ቢከኑ ሰውነትሽ ላይ ይታሰር፣ ስልክሽን ከእሱ አርቂ፣ ምልክቱን ያዛባዋል። ዘንጉ ሰው ሲነካ እዚያው ተክላችሁ ተዉት፤ ከበታች በኩል ሆናችሁ ወደ እሱ ቆፍሩ፣ መጀመሪያ ፊቱን አውጡ። ናዳው ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር በእጅ አይሞከርም።

የተቀበረ ሰው ልታወጪ ሮጠሽ ከመግባትሽ በፊት ደግሞ ሽቅብ እዪ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ጎፋ ውስጥ ጎረቤቱን ከመሬት ናዳው ጭቃ ሊያወጣ የሮጠ ስንቱ ሰው በሁለተኛው ናዳ ቀረ፤ ያ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌላው፣ ሂሳብ ፈርተሽ 911 ለመደወል እንዳታመነቺ። ኮሎራዶ ውስጥ የሚፈልጉሽ የነፍስ አድን ቡድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ስላወጡሽ ገንዘብ አይጠይቁሽም። የሚቸግራቸው የት እንዳለሽ አለማወቅ ነው። ኔትወርክ ሳይጠፋብሽ የመንገዱን ስም፣ መኪናውን የት እንዳቆማችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ጻፊልኝ። ሰዓቱ አልፎ ካልደወልሽ ፍለጋው የሚጀምረው ከመኪናው ነው፤ የምነግራቸውም እኔ ነኝ።