የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር ሲያጓራ ከየት እንጀምር?

ኮተቤ በምንለማመድበት ክፍል የቤዙ አምፕሊፋየር እያጓራ አስቸገረን። አንዱ ጓደኛችን «የኧርዙን ሽቦ ቁረጡት፣ ዝም ይላል» አለ። ዝም ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ኮረንቲ ወደ አምፕሊፋየሩ ብረት ካፈሰሰ በጊታሩ ክር አልፎ ተጫዋቹን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ኧርዝ አይነካም!

እንደሚታወቀው የሀገራችን ኮረንቲ 50 ኸርትዝ ነው። የቤዙ ወፍራም ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ 49 ኸርትዝ ይሰጣል፤ ጩኸቱ ከዚህ ከተቀራረበ ምንጩ ኮረንቲ ነው።

ቀጥሎ የጊታሩን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። ካልቆመ ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ወይም የመብራት መስመሩ ላይ ነው፤ ለባለሙያ ስጡት። ከቆመ ገመድ ቀይሩ። አሁንም ካጓራ ጊታሩን ይዛችሁ ዙሩ፤ ድምፁ ከፍና ዝቅ ካለ ፒክአፑ ከፍሎረሰንት ወይም ከትራንስፎርመር እየሳበ ነውና ራቅ በሉ።

የእኛ ገመድ ጫፉ ላይ ብየዳው ለቆ ኖሯል። በየድነው፣ ጸጥ አለ።