ለቤተ ሰብ ሾርባ የሚሆን ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

እናቶች ሆይ! ሾርባ የሕመምተኛ ምግብ ብቻ አይደለም። ምስር፣ ድንች፣ ካሮትና ጎመን፣ ከተገኘም ጥቂት ሥጋ አብሮ የተቀቀለበት ሾርባ 6 ወር ከሞላው ሕፃን ጀምሮ እስከ ሽማግሌ ድረስ ይስማማል። ነገር ግን የሚበስልበትና የሚቀርብበት ዕቃ ካልተመረጠ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ጉዳት ያመጣል።

ከሁሉ በፊት ድስቱን እንመልከት። የሸክላ ድስት ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ምስሩም ባቄላውም ቀስ ብሎ ይበስልበታል። ገበያ ላይ ስትመርጡ በጣታችሁ አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ግን ተሰንጥቋልና ተዉት፤ በስንጥቁ ውስጥ የትናንቱ ምግብ ተደብቆ ይበላሻል። አዲሱንም እንደ ልማዳችሁ ሳታሟሹ አትሥሩበት።

ብረት ድስት የምትገዙ እንደ ሆነ፣ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራውን ተጠንቀቁ። እርሳስ የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ሲገባበት ደግሞ ወደ ምግቡ የበለጠ ይወጣል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ዓይን አያየውም፣ ምላስም አይለየውም። ኤናሜል የተቀባ ድስትም ውስጡ ከተላጠ ስብርባሪው ከሾርባው ጋር ይበላል። የዚንክ ባልዲ ለውሃ መቅጃ እንጂ ለመቀቀያ አይሆንም። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጣሳማ ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብም ለውሃም ፈጽሞ አትንኩት!

ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ የምመክራችሁ መቀመጫው ሰፊ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል ድስት ነው። ክዳን ማገዶ ይቆጥባል፤ ዝንብም ይከለክላል። ክብ የሸክላ ድስት ከሆነም ሦስቱ ጉልቻዎች እኩል ይሁኑ፤ የሚድህ ልጅ ባለበት ቤት የፈላ ሾርባ ሲገለበጥ ምን እንደሚያደርስ ታውቁታላችሁ። መጠኑም ቤተ ሰቡ በአንድ ማዕድ የሚጨርሰውን ያህል ይብቃ፤ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሁ የቆየ ሾርባ ለሕፃን አይሰጥም።

አሁን ስለ ማጥለያ ጥቂት ልናገር። ቤት ለቤት ስንዞር ያገኘናት አንዲት እናት ማጥለያ ገዝታ፣ ሾርባውን እያጠለለች ለ8 ወር ልጅዋ ውሃውን ብቻ ትሰጠው ነበር። «ሌላው ይከብደዋል ብዬ ነው» አለችን። ሐሳብዋ ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን የልጁ ሆድ ይሞላል እንጂ ክብደቱ አልጨመረም። ኃይል የሚሰጠውና ሥጋ የሚያለብሰው ማጥለያው ላይ የሚቀረው ነዋ! ማጥለያውን ለሻይ ያድርጉት አልናት። ቅቅሉን በእንጨት ማንኪያ ወይም በንጹሕ ሙቀጫ ማላም ይበቃል፤ ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ ወፍራም ይሁን። የበርበሬው ሙቀጫ ግን ለሕፃን አይሆንም፤ ማቃጠሉ በእጥበት አይለቅም። ከወር በኋላ ተመልሰን ልጁን ስንመዝን ጨምሮ አገኘነው።

ማማሰያና ጭልፋም የተሰነጠቀ አይሁን። ስትቀምሱ በታጠበ መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጉ እንጂ ጭልፋውን ልሳችሁ ወደ ድስቱ አትመልሱት። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳታጥቡ ሌላ አትክተፉበት። ሕፃኑን በጡጦ ሳይሆን በኩባያና በማንኪያ መግቡት፤ የጡጦው ጫፍ ለማጠብ ስለሚያስቸግር ቆሻሻ ይይዛል፤ ተቅማጥም ያመጣል።

የታጠበ ዕቃ መሬት ላይ አይደፋ። ፀሐይ በሚያገኘው የግቢ ጥግ አራት እንጨት ተክሎ ከላይ ሸንበቆ በመረብረብ ጥሩ የዕቃ ማድረቂያ ይወጣል፤ አባወራውም በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ውሻ እንዳይደርስበት ከወገብ ከፍ ይበል።