ጀግናው ስለ ተሸነፈበት ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ እንግሊዛዊው ቶልኪን «የቀለበቶች ጌታ» ያለው ልብ ወለድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 እና በ1955 በሦስት ክፍል ታተመ። ፍሮዶ የሚባለው ክፉውን ቀለበት በእሳተ ገሞራ ሊጥል ሲሄድ ጉልበቱ ዛለ፤ አሽከሩ ሳምም ቀለበቱን ሊሸከምለት ባይችል እርሱን ራሱን አዝሎ ተራራውን ወጣ። ከማዕድ ወዳጅ የመንገድ ወዳጅ ይበልጣልና።

ነገር ግን እኔን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ፍሮዶ ከእሳቱ አፋፍ ደርሶ «ቀለበቱን አልጥልም» አለ። ጀግና በክንዱ ብቻ ድል የሚያደርግ የሚመስልህ ተማሪ ሆይ፤ ይህን ልብ አድርግ። ጎለም የሚባለው ከዳተኛ ጣቱን ነክሶ ቆርጦ ቀለበቱን ነጠቀው፤ በደስታ ሲዘልም ከነቀለበቱ ወደ እሳቱ ወደቀ። ይህን ጎለምን አስቀድሞ ፍሮዶ ሊገድለው ሲችል ራርቶለት ነበር፤ ሳምም በመጨረሻው ሰዓት ሰይፉን አንሥቶ ሳለ አዘነለትና ተወው።