የባሕር ደሴትና በባሕር ወለል ሥር ያለ ነዳጅ ባለቤቱ በምን ይታወቃል?

በወላይታ ሶዶ ገበያ ዝንጅብልና ቡና እየገዛ የሚያስጭን፣ ማዳበሪያና መለዋወጫ ዕቃ እያስመጣ የሚያከፋፍል ነጋዴ ስለ ባሕር ወሰን ማጥናት ምን ይጠቅመዋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በእኛ አካባቢ ያለው ሰፊ ውኃ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ በስተግራ የሚታየው የአባያ ሐይቅ ነው፤ እርሱም ዳር እስከ ዳር በአንድ አገር ውስጥ ስለ ሆነ የመንግሥታት ክርክር አላስነሣም። ይሁን እንጂ ወደ አውሮፓ የሚላከው ቡናና ከሞሮኮ የሚመጣው ማዳበሪያ የሚተላለፉት በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ነው። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ነዳጅ ግን በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ ስለሚደርስ በእነዚህ ደሴቶች አያልፍም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ይገባል። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ሰላም ሲጠፋ የመርከብ ኪራይና የመድን ዋጋ ወዲያው ይወደዳል፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙዎቹ ደቡብ አፍሪካን ዞረው ለመጓዝ መገደዳቸው የቅርብ ትዝታ ነው። የውሎቹና የፍርዶቹ ሰነዶች በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ስለ ሆኑ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።

የሐኒሽ ደሴቶች የሚገኙት በኤርትራና በየመን የባሕር ዳርቻዎች መካከል ነው። ትልቁ ሐኒሽ፣ ትንሹ ሐኒሽና ዙቀር ዋናዎቹ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ በስተሰሜን የዙበይር ደሴቶችና ጀበል አል ጠይር የተባለው ለብቻው የቆመ የእሳተ ገሞራ ደሴት ይገኛሉ። መሬታቸው ደረቅና ድንጋያማ ነው። ከጥንት ጀምሮ የሚያዘወትሯቸው ከሁለቱም ዳርቻ የሚመጡ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ።

ክርክሩ ወደ ጦር የተለወጠው በ1995 ነው። የነገሩ መነሻ ለነጋዴ ሊያስገርም የሚገባው ነው፤ የመን ፈቃድ የሰጠችው አንድ ድርጅት በትልቁ ሐኒሽ ላይ ሆቴልና ባሕር ጠላቂዎች የሚያርፉበት ሥፍራ ለማቋቋም ሥራ ጀመረ። የኤርትራ መንግሥትም ይህን ተቃውሞ የየመን ሰዎች ከደሴቱ እንዲለቁ ጠየቀ። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ውጊያ ተደርጎ ኤርትራ ትልቁን ሐኒሽ ያዘች። እንግዲህ ገንዘቡን ያፈሰሰ ነጋዴ ባለቤትነቱ ባልለየለት ምድር ላይ በአንድ ወገን ፈቃድ ብቻ ሲሠራ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ሆኖም ሁለቱ መንግሥታት ነገሩን በጦር ለመጨረስ አልፈለጉም። በግንቦት 1996 በፓሪስ የስምምነት መሠረት ፈርመው፣ በጥቅምት ወር ጕዳያቸውን አምስት አባላት ላሉት የግልግል ጉባኤ ለማቅረብ ተዋዋሉ። እያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ዳኞች መረጠ፤ አራቱም እንግሊዛዊውን ሰር ሮበርት ጄኒንግስን ሰብሳቢያቸው አደረጉ። ጉባኤው ሥራውን በሁለት ከፈለው፤ መጀመሪያ ደሴቶቹ የማን ናቸው፣ ቀጥሎም የባሕሩ ወሰን በየት በኩል ያልፋል የሚል ነበር።

የመን ደሴቶቹ ከቱርክ ዘመን በፊት ጀምሮ የእኔ ናቸው፣ ቱርክም ስትለቅ ወደ እኔ ተመልሰዋል ስትል ተከራከረች። ኤርትራ በበኩሏ ደሴቶቹ የኢጣሊያ ነበሩ፣ ከኢጣሊያ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያም ወደ እኔ ተላለፉ አለች። ዳኞቹ ሁለቱንም አልተቀበሏቸውም። በ1923 በሎዛን የተፈረመው ውል ቱርክ የለቀቀቻቸው ደሴቶች ዕጣ ወደ ፊት በባለ ጕዳዮቹ እንዲወሰን ትቶት ነበር፤ በ1938ም እንግሊዝና ኢጣሊያ አንዳቸውም በእነዚህ ደሴቶች ላይ የባለቤትነት ሥልጣን እንዳያቆሙ ተስማምተው ነበር። ስለዚህ ከጥንት የመጣ ሙሉ ርስት አለኝ ማለት ለማንም አልሆነም።

በዚህ ክርክር ውስጥ የአገራችን ስም ብዙ ጊዜ መነሣቱን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል። ኤርትራ ከ1952 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በእነዚያ ውኃዎች ያደረገው ጥበቃ፣ የያዛቸው ጀልባዎችና በ1953 የባሕር ግዛት ወሰንን 12 ማይል ያደረገው የማሪታይም አዋጅ ሁሉ ለኤርትራ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። ኢትዮጵያ ግን ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር ስለሌላት በችሎቱ ተከራካሪ አልነበረችም። የገዛ መዝገቧን ሌላው ሲያነበው መስማት ብቻ ነበር ድርሻዋ።

ወደ ነዳጁ ነገር እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጕዳይ እርሱ ነውና። የመን፣ ኢትዮጵያና በኋላም ኤርትራ በባሕሩ ወለል ሥር ዘይትና ጋዝ እንዲፈልጉ ለውጭ ኩባንያዎች ፈቃድ ሰጥተው ነበር። ሁለቱ ተከራካሪዎች የእነዚህን ውሎች ካርታ እያቀረቡ፣ ለኩባንያ ፈቃድ የሰጠሁበት ቦታ ደሴቶቹን ስለሚያጠቃልል ደሴቶቹ የእኔ ናቸው አሉ። ዳኞቹ ይህን ሁሉ ወረቀት ካገላበጡ በኋላ፣ የነዳጅ ውሎቹ የማንኛውንም ወገን የደሴት ባለቤትነት አያስረዱም ብለው ፈረዱ። በባሕር ወለል ላይ ያለ መብትና በደሴት ላይ ያለ ሉዓላዊነት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ነገር ግን ፍርዱ በዚህ አላበቃም፤ የፈቃዶቹ ወሰኖች በአመዛኙ የሚያመለክቱት ደሴቶቹን ሳይቈጥሩ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል በሚሰመር የእኩሌታ መስመር አካባቢ ስለ ሆነ፣ ለባሕሩ ወሰን በተወሰነ መጠን ድጋፍ ይሰጣሉ አሉ።

ይህን በእኛው አገር ምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ባልለየለት ቦታ ላይ መጋዘን ለማሠራት ከግንበኛ ጋር ቢዋዋል፣ ውሉ በእርሱና በግንበኛው መካከል ያለውን ግዴታ ያሳያል እንጂ ቦታው የእርሱ መሆኑን በጎረቤቱ ላይ አያስረዳም። ነገር ግን መሠረቱን እስከ የት ድረስ እንዲቆፍር እንዳዘዘው ቢመረመር፣ ሰውየው ራሱ ወሰኔ እስከዚህ ነው ብሎ ያምን እንደ ነበር ይገለጻል።

ታዲያ ደሴቶቹን ያስገኘው ማስረጃ ምን ነበር? በአመዛኙ በቅርብ ዓመታት በግልጥ የተደረገ የመንግሥት ሥራ ነው። ለመርከቦች የሚበራው የባሕር መብራት ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። በ1962 ብዙ መንግሥታት በአቡ ዐይልና በጀበል አል ጠይር ላይ ያሉትን መብራቶች ወጪ በጋራ ለመሸፈን ተዋውለው ነበር። መብራት መጠበቅ ብቻውን ባለርስት አያደርግም፤ ይሁን እንጂ በ1989 የመን መብራቶቹን እኔ ልያዛቸው ስትል ሌሎቹ መቀበላቸው ከተመዘኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። ጥቅምት 9 ቀን 1998 በተሰጠው ፍርድ የዙቀርና የሐኒሽ ደሴቶች፣ ጀበል አል ጠይርና የዙበይር ደሴቶች ለየመን ተወሰኑ። ለኤርትራ ዳርቻ የሚቀርቡት የሞሐበካ ደሴቶች፣ የሄይኮክ ደሴቶችና የደቡብ ምዕራብ ዐለቶች ለኤርትራ ሆኑ።

ሁለተኛው ፍርድ ታኅሣሥ 17 ቀን 1999 ወጣ፤ ለውኃውም፣ ለዓሣውም፣ ለባሕሩ ወለልም የሚያገለግል አንድ መስመር አሰመረ። እዚህ ላይ በውኃ ስለ ተሸፈነ ድንጋይ ያለውን ሕግ ማስረዳት ያስፈልጋል። በ1982 በተጻፈው የባሕር ሕግ ውል መሠረት፣ ባሕሩ ሲመላም ከውኃ በላይ የሚቆም ደሴት የራሱ የ12 ማይል ግዛት አለው። ባሕሩ ሲጐድል ብቻ ብቅ የሚል የአሸዋ ወይም የድንጋይ ክምር ግን ከዳርቻው ከ12 ማይል በላይ ከራቀ የራሱ የባሕር ግዛት የለውም። ሰው ሊኖርበት ወይም የራሱ ኑሮ ሊመሠረትበት የማይችል ዐለትም የ12 ማይል ግዛት ቢኖረው እንኳ የባሕር ወለል መብት አያስገኝም። ኤርትራ ወሰኗን ለመለካት ኔጊሌ የተባለውን ዐለት መነሻ ለማድረግ ፈልጋ ነበር፤ ካርታዎቹ ሲታዩ ግን ባሕሩ ቢጐድልም ከውኃ በላይ የማይታይ ሆኖ ስለ ተገኘ ዳኞቹ ተዉት። በየመንም ላይ እንዲሁ ጠንክረዋል፤ ጀበል አል ጠይርና የዙበይር ደሴቶች የእርሷ ቢሆኑም ደረቅና ከዳርቻው የራቁ ስለ ሆኑ የእኩሌታው መስመር ሲሰመር አልተቈጠሩም። በእኔ አስተያየት የፍርዱ ብርታት በዚህ ነው፤ ደሴቱን ያገኘ ሁሉ በዙሪያው ያለውን ነዳጅ ጠቅልሎ ይውሰድ አላለም። የባሕሩ ወለል የተከፈለው በዋናው ምድር ዳርቻ መሠረት ነው።

ይህን የመሰለ ክርክር ከደቡብ ጎረቤታችንም አልራቀም። ኬንያና ሶማሊያ ከ100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል ተከራክረው፣ ኬንያ በዚያ ለነዳጅ ኩባንያዎች ፈቃድ ሰጥታ ነበር። ኬንያ ወሰኑ ከምድር ጫፍ ወደ ምሥራቅ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፣ ሶማሊያም ለብዙ ዘመን ዝም ብላ ተቀብላዋለች አለች። የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2021 ይህን ሳይቀበል የተስተካከለ የእኩሌታ መስመር ሰጠ፤ ከክርክሩ ቦታ የሚበዛው ለሶማሊያ ደረሰ። ኬንያ ግን ፍርዱን አልቀበልም አለች። ኤርትራና የመን የተሰጣቸውን ፍርድ ተቀብለዋል።

በሐኒሽ ፍርድ ውስጥ ለነጋዴ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው የዓሣ አጥማጆቹ መብት ነው፤ የሁለቱም አገር ትንንሽ ዓሣ አጥማጆች ወሰኑ ሳይከለክላቸው እንደ ጥንቱ በደሴቶቹ አካባቢ እንዲያጠምዱ፣ ወደ ሁለቱም ወገን ወደቦች እንዲገቡና ዓሣቸውን ከአገሬው ሰው እኩል እንዲሸጡ ተፈርዷል። ሁለተኛው የነዳጁ ነው፤ ዘይት ወይም ጋዝ ወይም ሌላ ማዕድን በመስመሩ ላይ ተሻግሮ ወይም በአጠገቡ ቢገኝ፣ ያገኘው ወገን ለሌላው የማስታወቅና አብሮ የመመካከር ግዴታ አለበት።