አጭር የቀልድ ጽሑፍ፤ የቫለንታይን ካርዶች

ተማሪዎች! በዚህ ትምህርት ከአንድ ወይም ከሁለት ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ የቀልድ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ ትመለከታላችሁ። ለምሳሌ የመረጥንላችሁ በንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘመን፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1901 እስከ 1910፣ በእንግሊዝ አገር ይላኩ የነበሩትን የቫለንታይን ካርዶች ነው።

ፌብሩዋሪ 14 ቀን ፍቅረኞች ካርድ የሚላላኩበት ዕለት ነው። በ1902 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የፖስትካርድ ጀርባ ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ ወገን አድራሻ፣ በሌላው መልእክት እንዲጻፍበት ፈቀደ። የፊቱ ገጽ በሙሉ ለሥዕል ተለቀቀ። መላኪያው ግማሽ ፔኒ ብቻ ስለ ነበረ ድኻውም ሀብታሙም ላከ። ቦታው ጠባብ በመሆኑ ቃላቱ ጥቂት፣ ሥዕሉም ነገረኛ ሆነ።

ብዙዎቹ ካርዶች ፍቅርን የሚገልጹ ነበሩ። ዛሬ «የኮምጣጤ ቫለንታይን» የሚባሉት ግን ባል ያላገባችውን ሴት፣ ሰካራሙን፣ ጉረኛውን፣ የመምረጥ መብት የጠየቁትን ሴቶች ሳይቀር ይሳለቁባቸው ነበር። ላኪው ስሙን አይጽፍም። ተቀባዩ መልስ ሊሰጥበት የማይችለው ነገር ቀልድ መባሉ ያጠራጥራል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። በእንግሊዝኛ «ንብ» የሚለው ስምና «ሁን» የሚለው ትእዛዝ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ቢ» ይባላሉ። በቆየ ካርድ ላይ ንብ ተሥላ ብታዩ መልእክቱ «የእኔ ሁን» ነው። እንዲህ ያለውን ባለ ሁለት ፍቺ አነጋገር እኛ ኅብረ ቃል እንለዋለን። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ንቧ በርራ ትጠፋለች! ደግሞም የእንግሊዝኛው ቃል ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለሽማግሌም ያው ስለሆነ አሳታሚው አንዱን ካርድ ለሁሉም ይሸጣል። አማርኛ ግን «ሁን»፣ «ሁኚ» ወይም «ይሁኑ» ብላችሁ እንድትመርጡ ያስገድዳችኋል። «ጢምህ ቀድሞህ ደረሰ» ለጓደኛ ሲባል ያስቃል። «ጢምዎ ቀድሞዎት ደረሰ» ለአባት ወዳጅ ቢባል ግን የአክብሮቱ ቃል ራሱ ፌዙን ያብሰዋል።

መልመጃ

ሀ. «ልብ» የሚለው ቃል የሰውነት ክፍልንም ማስተዋልንም ያመለክታል። ሁለቱም ፍቺዎች የሚሠሩበት አንድ ዓረፍተ ነገር ለካርድ ጻፉ።

ለ. ዓረፍተ ነገሩን ለወንድ ጓደኛ፣ ለሴት ጓደኛና «እርስዎ» ለምትሉት ሰው እንዲስማማ አድርጋችሁ ለውጡ። በየትኛው ላይ ቀልዱ እንደ ተበላሸ በክፍል ውስጥ ተነጋገሩ።

ሐ. በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ ስማችሁን ጻፉ።