ዳዊቴን ሳልጨርስ እቀራለሁ

ጥያቄ፦ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ በባቡር ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ዳዊት ልድገም ብዬ ጀምሬ በየቀኑ ሳልጨርስ ይቀራል። ምን ይሻለኛል፣ መምህር?

መልስ፦ እኅቴ፣ በአንድ ጠዋት ካልጨረስኩ ብለው ራስዎን አያስጨንቁ። 150ው መዝሙር እኮ በዐሥር በዐሥር ተከፍሎ 15 ንጉሥ ሆኖ የተሰናዳ ነው። አንዱ ንጉሥ ከበዛብዎ አንድ መዝሙር ይድገሙ። ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ማድረስ ይበቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከንባቡ ማነስ ይልቅ ከንባቡ በኋላ ያለው ነው። መጽሐፉ ሲከደን ስልኩ ይከፈታል፤ ቃሉም እዚያው ይቀራል። ከልደታ ሜክሲኮ እስኪደርሱ (በዚያ ግፊያ መጽሐፍ መግለጥ አይታሰብም) ጠዋት ካነበቡት አንዲት ሐረግ ይዘው በልብዎ ያመላልሷት። «ይህ ቃል ዛሬ ማንን ይቅር በይ ይለኛል? የማንን ደጅ እንድረግጥ ያዘኛል?» ብለው ይጠይቁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቀኑን ይመርምሩት፤ የተቆጡት ወይም ያሙት ሰው ካለ ስሙን ጠርተው ይጸልዩለት። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ማድረስ ባይችሉ እንኳ የጠዋቱ ነግህና የመኝታው ንዋም አይለፉዎ።

የጸሎትዎን መጠን ግን ብቻዎን አይወስኑ፤ ከኑሮዎ ጋር የሚያመዛዝኑልዎ የንስሐ አባትዎ ናቸው። ወር በገባ በ1 ልደታ ለማርያም ናትና ቅዳሴውን አስቀድሰው ያማክሯቸው።