የነቢዩ ስምና የሠላሳው ብር ፍርድ

ወጣቶች «በመጽሐፍ ስሕተት ከተገኘ እንዴት ይታመናል?» ብለው ሲጠይቁን አንቈጣ። ማቴዎስ በ27፥9 ስለ ሠላሳው ብር የተነገረውን ቃል የኤርምያስ ይለዋል፤ ቃሉ ግን ይበልጥ የሚቀርበው ለዘካርያስ 11፥12-13 ነው። አውግስጢኖስ ጥያቄውን ሳይሸሽግ መርምሮታል፤ እኛም ልንሸሽገው አይገባም።

የነቢዩ ስም ቢያከራክርም የምንባቡ ፍርድ አያከራክርም። የካህናት አለቆች የደም ዋጋ ወደ መባ እንዳይገባ ተጠነቀቁ፤ ንጹሑን ግን ለሞት አሳልፈው ሰጡ። የእኛም ሒሳብ በደረሰኝ የተሟላ ሆኖ ድኻው ከደጃችን ተገፍቶ እንደ ሆነ፣ ይህ ቃል ይወቅሰናል። እንግዲህ ለሚጠይቀን ልዩነቱን በእውነት እናሳየው፤ በቃሉም አስቀድመን ራሳችንን እንመርምር።